የአዘዞ ወጥና የፖርቱጋሎች ስም፤ ስለ ምግብ ታሪክ አጻጻፍ የቀረበ ትችት

፩

የአንድ ሕዝብ ምግብ ከየት መጣ ብሎ መጠየቅ ቀላል ነገር ይመስላል። ነገር ግን መልሱ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ምግቡን ካበሰለው እጅ ሳይሆን ስለ ምግቡ ከጻፈው ብዕር ስለሆነ፣ ጥያቄው ከማጀት ወጥቶ የታሪክ አጻጻፍ ጥያቄ ይሆናል። ይህም በጎንደርና በአካባቢው፣ ይልቁንም በአዘዞ፣ በግልጽ ይታያል። ግንብ ሲታይ ፖርቱጋሎች ሠሩት፣ ድልድይ ሲታይ ፖርቱጋሎች ዘረጉት፣ ከባሕር ማዶ የመጣ ተክል ሲገኝም ፖርቱጋሎች አመጡት ማለት በመንገደኞች መጻሕፍትም በአፈ ታሪክም የተለመደ ሆኗል። በዚህ አኳኋን በርበሬው፣ በቆሎውና አደንጓሬው ተራ በተራ በፖርቱጋሎች ስም ከተመዘገቡ በኋላ፣ የአዘዞ ወጥ ራሱ የፖርቱጋል ወጥ ልጅ ነው ለማለት የሚቀረው አንድ እርምጃ ብቻ ነው።

ይህ ጽሑፍ የሚመረምረው ይህን አስተያየትና አስተያየቱ የቆመበትን የማስረጃ አያያዝ ነው። ለንጽጽር የተመረጠው ፖርቱጋሎችና ብራዚሎች የሚኮሩበት ፌዡዋዳ የሚባለው የጥራጥሬ ወጥ ነው። የተመረጠበትም ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛ፣ ፖርቱጋሎች በአዘዞ ማጀት ውስጥ እጃቸውን ትተው እንደ ሆነ፣ የአዘዞ ሰው የዕለት ምግቡን የሚያገኘው ከጥራጥሬ በመሆኑ፣ ምልክቱ ከሁሉ አስቀድሞ መገኘት ያለበት በጥራጥሬው ወጥ ላይ ነው። ሁለተኛ፣ በብራዚል አገር ስለዚሁ ወጥ ምንጭ እጅግ የሚመሳሰል ክርክር ተነሥቶ ነበርና፣ የዚያ አገር ሊቃውንት የሄዱበት መንገድና የተሰናከሉበት ሥፍራ ለእኛ አገር ተመራማሪ ትምህርት ይሰጣል። ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

፪

ፌዡዋዳ የሚለው ስም የተገኘው ፌይዣው ከሚለው የፖርቱጋል ቃል ነው፤ ትርጓሜውም በእኛ አገር አደንጓሬ ወይም ቦሎቄ የሚባለው የጥራጥሬ ዓይነት ነው። በፖርቱጋል ሰሜን፣ በሚኞና በትራዝ ኦዝ ሞንትሽ አውራጃዎች፣ ነጩ ወይም ቀዩ ፌይዣው ሌሊቱን በውሃ ተዘፍዝፎ ካደረ በኋላ ከአሳማ ሥጋ፣ ከቋሊማና ከጎመን ጋራ በአንድ ድስት ለረጅም ሰዓት ይቀቀላል። በብራዚል፣ በተለይም በሪዮ ዴ ጃኔሮ፣ ጥቁሩ ፌይዣው ይመረጣል፤ በጨው የቆየ የአሳማ ሥጋ፣ ጆሮው፣ ጅራቱና እግሩ፣ የደረቀ የበሬ ሥጋም ይገባበታል። ከበሰለም በኋላ ከፍሬው ጥቂቱ ተደቁሶ መረቁን እንዲያወፍር ይመለሳል።

ወጡ ብቻውን አይቀርብም። አብሮት ነጭ ሩዝ፣ እንደ ክር ቀጥኖ ተከትፎ በነጭ ሽንኩርት የተጠበሰ ጎመን፣ በስብ የታመሰ የካሳቫ ዱቄት ማለት ፋሮፋ፣ የሚያቃጥል የበርበሬ መረቅና የብርቱካን ቁራጭ ይሰለፋል። የብርቱካኑ ጎምዛዛነት የስቡን ክብደት ያቀልላል፤ ፋሮፋው መረቁን ይመጥጣል፤ ጎመኑ የጨውን ኃይል ያለዝባል። ስለዚህ አጃቢዎቹ ለጌጥ የተጨመሩ አይደሉም፤ ያለ እነርሱ ወጡ ሙሉ ማዕድ አይባልም።

አጃቢዎቹን በየአገራቸው ብንከፋፍላቸው አንድ አስተዋይ አንባቢ የሚደነቅበት ነገር ይገኛል። ፌይዣው፣ ካሳቫውና የሚያቃጥለው በርበሬ የአሜሪካ ምድር ተወላጆች ናቸው። ሩዙና ብርቱካኑ ከእስያ የመጡ ናቸው። ጎመኑና አሳማው ከአውሮፓ ተሻግረዋል። ድስቱን የጣዱት እጆች ደግሞ በብዙ ቤት ከአፍሪካ በባርነት የተወሰዱ ሴቶች እጆች ነበሩ። እንዲህ ያለውን ማዕድ የአንድ ሕዝብ ፈጠራ ነው ማለት አስቸጋሪ ነው፤ ሆኖም ግን ተብሏል፤ ያውም ሁለት ጊዜ።

መጀመሪያ የተነገረው ወሬ እንዲህ የሚል ነው። የሸንኮራ አገዳ እርሻ ጌቶች የአሳማውን መልካም ሥጋ ራሳቸው በልተው ጆሮውንና ጅራቱን ለባሮቻቸው ይጥሉ ነበር፤ ባሮቹም የተጣለውን ከጥቁር ፌይዣው ጋራ ቀቅለው ፌዡዋዳን ፈጠሩ። ይህ ወሬ በምግብ ቤቶችም በትምህርት ቤቶችም ተሰራጨ። ሁለተኛው አስተያየት የሉዊስ ዳ ካማራ ካስኩዱ ነው። ይህ ሊቅ በ1960ዎቹ መጨረሻ በሁለት ቅጽ ባሳተመው የብራዚል የአመጋገብ ታሪክ፣ የባሮቹ ወሬ ማስረጃ የሌለው መሆኑን አሳየ። የባሮቹ ቀለብ ጥቂት ፌይዣውና የካሳቫ ዱቄት እንጂ እንደዚህ ያለ የተትረፈረፈ ድስት አልነበረም፤ የአሳማ ጆሮና እግርም በአውሮፓ ማዕድ የሚወደድ እንጂ የሚጣል አልነበረም፤ ሥጋንና አትክልትን በአንድ ድስት መቀቀልም የቆየ የፖርቱጋል ልማድ ነው ሲል ተከራከረ።

ካስኩዱ ወሬውን ማፍረሱ ትክክል ነው። ነገር ግን ወሬውን ካፈረሰ በኋላ የቀረው ባዶ ቦታ በፖርቱጋል ስም ብቻ እንዲሞላ ማድረግ ሌላ ስሕተት ይሆናል። የአቀቃቀሉ ልማድ ከአውሮፓ መጣ ማለት አንድ ነገር ነው፤ ያንን ልማድ በሌላ ፍሬ፣ በሌላ ዱቄት፣ በሌላ እሳት ላይ አስማምቶ አዲስ ጣዕም ያወጣው ማን ነው ማለት ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ባርነት በብራዚል እስከ 1888 ጸንቶ የኖረ ስለሆነ፣ በትልልቁ ቤት ማጀት ውስጥ ማን እንደ ቆመ የታወቀ ነው። የኅብረተሰብ ተመራማሪው ፒተር ፍራይ በ1982 በታተመ መጽሐፉ ውስጥ በዚሁ ነገር ላይ ያመለከተው ሐሳብ እጅግ ጠቃሚ ነው፤ ይኸውም በሰሜን አሜሪካ የጥቁሮች ምግብ የጥቁሮች መለያ ሆኖ ሲቀር፣ በብራዚል ተመሳሳዩ ምግብ የመላው ሕዝብ አርማ ተደርጎ መወሰዱን ነው። ምግብ አርማ በሆነ ጊዜ የአብሳዮቹ ታሪክ ከአርማው በስተጀርባ ይሰወራል።

፫

ወደ አዘዞ እንመለስ። አዘዞ ከጎንደር ከተማ በስተደቡብ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2000 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የምትገኝ፣ ወደ ደንቢያ ሜዳ መውረጃ ያለች ሥፍራ ናት። የአሁኑ መንገደኛ የሚያውቃት በአውሮፕላን ማረፊያዋና በተክለ ሃይማኖት ቤተ ክርስቲያን ነው። በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ግን፣ ይህም ከ1607 እስከ 1632 ነው፣ የንጉሠ ነገሥቱ መቀመጫ ከነበሩት ሥፍራዎች አንዷ ነበረች፤ ገነተ ኢየሱስ የተባለው ቤተ ክርስቲያንም በዚያው ተሠራ። ንጉሠ ነገሥቱም በ1632 ሲያርፉ የተቀበሩት በዚሁ በገነተ ኢየሱስ ነው።

ከፖርቱጋል ጋራ ያለው ግንኙነት ከዚያ ይቀድማል። በ1541 ክሪስቶቫዎ ዳ ጋማ 400 ያህል ወታደሮች ይዞ በምፅዋ በኩል ገባ፤ እርሱ በ1542 ሲገደል የተረፉት ወታደሮች በ1543 በወይና ደጋ ጦርነት ከአፄ ገላውዴዎስ ጋራ ተሰለፉ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ በዚሁ አገር ሚስት አግብተው ልጆች ወልደው ቀሩ። ቀጥለው የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህናት መጡ። ስመ ጥሩው ፔድሮ ፓኤዝ በ1603 ገብቶ በ1622 በዚሁ አገር ሞተ፤ እርሱም ራሱ ስፓኛዊ እንጂ ፖርቱጋላዊ አልነበረም። ማኑዌል ደ አልሜይዳ፣ ጄሮኒሞ ሎቦና ፓትርያርኩ አፎንሶ ሜንዴስ ተከተሉት። አፄ ፋሲለደስ ከነገሡ በኋላ ካህናቱ ተባረሩ። የጎንደር ከተማ የተቆረቆረችው በ1636 ስለሆነ፣ ታላቁ ግንብ የተሠራው ካህናቱ ከወጡ በኋላ ነው። ይህን የዘመን ቅደም ተከተል ሳያመዛዝኑ ግንቡን የፖርቱጋሎች ሥራ ነው ማለት ምን ያህል ችኩል እንደ ሆነ ብዙ ጊዜ ተነግሯል። የምግቡ ነገር ግን እስካሁን በዚህ ዓይን አልተመረመረም።

ከ2000 ዓ. ም. ወዲህ የስፓኝ የከርሰ ምድር ተመራማሪዎች በአዘዞና በሌሎች የኢየሱሳውያን ሥፍራዎች ቆፍረዋል፤ ቪክቶር ፈርናንዴዝና ባልደረቦቹ ውጤቱን በ2017 በመጽሐፍ አሳትመዋል። ይህ ሥራ ስለ ግንብና ስለ ኖራ የሚነገረውን ከግምት ወደ ማስረጃ አሸጋግሮታል። ድንጋይ በስፍራው ይቆያልና ተመራማሪውን ይጠብቃል። ወጥ ግን በዕለቱ ተበልቶ የሚያልቅ በመሆኑ፣ የምግብ ታሪክ ሌላ ዓይነት ማስረጃ ይፈልጋል፤ ያም ማስረጃ ከዘመን፣ ከቃል፣ ከሥርዓትና ከአበሳሰል ይገኛል። አስተያየቱን በእነዚህ አራት ሚዛኖች መመዘን ይገባል።

፬

የመጀመሪያው ሚዛን ዘመን ነው። የፌዡዋዳ ፍሬ ማለት ፌይዣው የአሜሪካ ተክል ነው። ወደ አውሮፓ የተሻገረው ከኮሎምቦስ ጉዞ በኋላ በ16ኛው መቶ ዓመት ውስጥ ነው። የዳ ጋማ ወታደሮች ወደ ኢትዮጵያ የመጡት ከፖርቱጋል ገበሬ ቤት በቀጥታ ሳይሆን በሕንድ በኩል ነው፤ ካህናቱም መነሻቸው ጎዋ ነበረች። ስለዚህ በአዘዞ የተቀመጠው ፖርቱጋላዊ ይዞት ሊመጣ የሚችለው ልማድ የሕንድን ውቅያኖስ ወደቦች ሩዝና ቅመም የቀመሰ ልማድ ነው። ብራዚሎች ዛሬ ፌዡዋዳ የሚሉት ሙሉ ማዕድ ደግሞ ስሙ በጋዜጣና በምግብ ቤት ማስታወቂያ የሚታየው በ19ኛው መቶ ዓመት ነው። በአፄ ሱስንዮስ ጊዜ በዚህ መልኩ ያልነበረ ወጥ ለአዘዞ ወጥ አባት ሊሆን አይችልም።

በሌላ በኩል ባቄላ፣ አተር፣ ሽምብራና ምስር በኢትዮጵያ ደጋ ከፖርቱጋሎች መምጣት በፊት ጥንታውያን ናቸው። ከ1520 እስከ 1526 በኢትዮጵያ የቆየው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬስ፣ ክሪስቶቫዎ ዳ ጋማ ከመምጣቱ አሥራ አምስት ዓመት አስቀድሞ፣ በአገሩ የጥራጥሬውን መብዛትና የጾሙን ጽናት ተመልክቶ ጽፏል። እንግዳው መምህር ሳይሆን ተመልካች ነበር። አልሜይዳና ሎቦም ስለ እንጀራና ስለ ጥሬ ሥጋ በሰፊው ሲጽፉ፣ አነጋገራቸው በሌላ ሰው ማዕድ ላይ የተቀመጠ እንግዳ አነጋገር እንጂ የራሱን ማዕድ ያስለመደ ሰው አነጋገር አይደለም።

፭

ሁለተኛው ሚዛን ቃል ነው። በዚህ ላይ ጥንቃቄ የበለጠ ያስፈልጋል፤ ቃል እውነት እየመሰለ ያታልላልና።

ብርቱካን የሚለው ስም ከፖርቱጋል ስም የወጣ ነው። ይህን የሰማ ሰው፣ እነሆ ፍሬው በስሙ ይመሰክራል፤ ፖርቱጋሎች ለአዘዞ ብርቱካን ሰጧት ሊል ይችላል። ነገር ግን ቃሉ በዐረብኛና በቱርክ ቋንቋም በዚያው መልክ ይገኛል፤ ጣፋጩን ብርቱካን በሜዲቴራንያን አገሮች ያስፋፉት ፖርቱጋሎች በመሆናቸው፣ ዐረቦችና ቱርኮች ፍሬውን በነጋዴው አገር ስም ጠሩት። ወደ አማርኛ የገባው ቃል የዐረብኛውን መልክ የያዘ ነው። ስለዚህ ስሙ የሚመሰክረው የቀይ ባሕርን ንግድ እንጂ የኢየሱሳውያንን አትክልት ቦታ አይደለም።

የበርበሬ ነገር ደግሞ የዚህ ግልባጭ ነው። ዛሬ በርበሬ የምንለው ቀይ ፍሬ የአሜሪካ ተክል መሆኑ አያከራክርም። ስሙ ግን ከተክሉ ይቀድማል፤ የቃላት ተመራማሪዎች ስሙን በግሪክም በሕንድም ቋንቋ ከሚገኘው የቁንዶ በርበሬ ጥንታዊ ስም ጋራ ያዛምዱታል። አዲሱ ተክል በመጣ ጊዜ የቆየውን ስም ወረሰ፤ የቆየው ባለ ስም ግን ቁንዶ የሚል ቅጽል ተጨምሮበት ቀረ። በቆሎም በጎንደርና በጎጃም የባሕር ማሽላ ሲባል ይሰማል፤ አዲሱ እህል በአሮጌው እህል ስም ተጠርቶ፣ ከባሕር ማዶ መምጣቱ ብቻ ተመልክቷል እንጂ ያመጣው ሕዝብ አልተጠቀሰም።

ፖርቱጋሎችም ያደረጉት ይህንኑ ነው። ፌይዣው የሚለው ቃል ከላቲን የወረሱት የአሮጌው ዓለም ጥራጥሬ ስም ነበር፤ የአሜሪካው ፍሬ በመጣ ጊዜ ያንኑ ስም አለበሱት። እንግዲህ የጎንደር ገበሬና የሚኞ ገበሬ እርስ በርሳቸው ሳይማማሩ አንድ ዓይነት ጥበብ ሠርተዋል፤ እንግዳውን ተክል በዘመድ ስም ጠርተው ከቤት አስገብተውታል። አደንጓሬ የሚለው ስም በበኩሉ ከፌይዣው ጋራ የድምፅ ዝምድና የለውም። ፍሬውን ከነወጡ ከፖርቱጋሎች የተቀበለ ሕዝብ ቢሆን ኖሮ፣ ከስሙ ቢያንስ አንድ ፊደል ሊተርፍ ይገባ ነበር።

፮

ሦስተኛው ሚዛን ሥርዓት ነው፤ ከሁሉም የሚከብደው ይህ ነው። የፌዡዋዳ ነፍስ አሳማው ነው። የአሳማ ሥጋ በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት የማይበላ ስለሆነ፣ ወጡ ከነመልኩ በአዘዞ ማጀት ሊገባ አይችልም። አሳማው ተነሥቶ ሌላ ሥጋ ቢተካስ? ያን ጊዜም ጾም አለ። በጎንደር ደጋ ጥራጥሬ ከሁሉ አስቀድሞ የጾም ምግብ ነው። ረቡዕና ዓርብ፣ 55 ቀን በሚቆየው ዐቢይ ጾም፣ በሌሎቹም አጽዋማት፣ ሥጋና ወተት፣ ቅቤና ዕንቁላል ከማዕዱ ሲርቁ፣ ባዶውን ቦታ የሚሞላው ሽሮው፣ የባቄላ ክኩ፣ የምስሩ ወጥ፣ ከባቄላ ዱቄት በሱፍና በሰናፍጭ የሚዘጋጀው ስልጆ ነው። በጸሎተ ሐሙስ የሚበላው ጉልባንም ተሸልቅቆ ከስንዴ ጋራ የተቀቀለ ባቄላ ነው። ፖርቱጋላዊው ጥራጥሬንና ሥጋን በአንድ ድስት ያጋባል፤ የአዘዞዋ እመቤት ግን በቀን መቁጠሪያ ትለያቸዋለች። አንዱ ሲገባ ሌላው ይወጣል።

ይህም ተራ የአበላል ልዩነት አልነበረም፤ ደም የፈሰሰበት ነገር ነው። አፄ ሱስንዮስ የሮማን ሃይማኖት ከተቀበሉ በኋላ ከተነሡት ክርክሮች አንዱ የጾም ቀን ነበር። በአገሩ ሥርዓት የሚጾመው ረቡዕ ሲሆን በላቲኖች ልማድ ቅዳሜ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ የሕዝቡን ቁጣ ለማብረድ፣ በ1632 የቀድሞውን ሃይማኖት ከመመለሳቸው በፊት ከሰጡት ፈቃድ አንዱ፣ በቅዳሜ ፈንታ ረቡዕ እንዲጾም ነው። በሕዝቡ ዘንድ የማዕድ ሥርዓት ምን ያህል የማንነት ሥርዓት እንደ ነበር ከዚህ ይታያል። ካህናቱ በንጉሥ አዋጅ ቀኑን ማስለወጥ ያልቻሉበትን አገር፣ በዝምታ ወጡን አስለወጡት ማለት የማይመስል ነገር ነው።

በዚህ ላይ አንድ አጋጣሚ አለ። በሳኦ ፓውሎ ፌዡዋዳ በምግብ ቤቶች የሚቀርብባቸው የተለመዱ ቀኖች ረቡዕና ቅዳሜ ናቸው፤ በአዘዞ ያከራከሩት እነዚያው ሁለት ቀኖች ማለት ነው። ነገሩ ያስደንቃል እንጂ አንዳች አያስረዳም። እንዲያውም የሚጠቅመው ለማስጠንቀቂያ ነው፤ ምንጭ ፈላጊዎች አስተያየታቸውን የሚገነቡት አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ባለ መመሳሰል ላይ ነውና።

፯

አራተኛው ሚዛን አበሳሰል ነው። ፌዡዋዳ ፍሬው ሳይፈጭ የሚቀቀል ወጥ ነው፤ የማብሰሉም ድካም ሁሉ በዚያው ቀን ነው። ሽሮ ግን ድካሙ ከወጡ በፊት ያለቀ ነው። ሽምብራው፣ ባቄላው ወይም አተሩ ተለቅሞ ይታመሳል፤ ይከካል፤ ገለባው በሰፌድ ይነፋል፤ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከበሶብላ፣ ከኮረሪማና ከሌላው ቅመም ጋራ ይፈጫል። ከዚያ በኋላ እንግዳ በመጣ ሰዓት ጥቂት እሳት ብቻ ይበቃል።

ለዚህ ልዩነት የተፈጥሮ ምክንያት አለው። በአዘዞ ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው 93 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ ነው እንጂ እንደ ባሕር ዳርቻ አገሮች 100 ዲግሪ ላይ አይደለም። በዚህ የተነሣ ደረቅ ጥራጥሬ ሳይፈጭ ቢቀቀል ከሪዮ ወይም ከሊዝበን ይልቅ ብዙ ሰዓት ይፈጃል፤ ብዙ ሰዓት ማለትም ብዙ እንጨት ማለት ነው። ዱቄቱ ግን በዝቅተኛው ሙቀት ቶሎ ይበስላል። እንግዲህ ሽሮ ለደጋው ከፍታና ለማገዶ እጥረት የተሰጠ መልስ ነው፤ መልሱን የሰጠችውም ሙቀት መለኪያ ሳታይ ድስቷን አይታ የተረዳች ሴት ናት። ከባሕር ዳርቻ የመጣ እንግዳ ይህን ሊያስተምራት አይችልም።

እዚህ ላይ ተቃዋሚ የሚያነሣው ብርቱ ጥያቄ አለ። ቦዘና ሽሮስ? በፍስክ ቀን ሽሮው ውስጥ ሥጋ ወይም ቋንጣ ይጨመራል። ጥራጥሬና የደረቀ ሥጋ በአንድ ድስት ተጋቡ ማለት አይደለምን? ጎመኑ በአጠገቡ አለ፤ በርበሬው አለ፤ ሎሚው በብርቱካኑ ፈንታ አለ፤ መረቁን የሚመጥጠው እንጀራ በፋሮፋው ፈንታ አለ። በእርግጥም ሁለቱ ማዕዶች ጎን ለጎን ቢቀርቡ የሚመሳሰሉበት ነገር ከሚለያዩበት የሚያንስ አይመስልም።

መመሳሰሉን መካድ አይገባም። ነገር ግን የመመሳሰሉ ምክንያት ዝምድና ሳይሆን ተመሳሳይ ችግር ነው። ጥራጥሬ ወፍራምና ደረቅ ነው፤ ስለዚህ ስብ ወይም ዘይት ይፈልጋል። ስቡ ሲበዛ ይከብዳል፤ ስለዚህ ጎምዛዛና የሚያቃጥል ነገር ይፈልጋል። ሥጋ ውድ ነው፤ ስለዚህ ጥቂቱ ደርቆ ተቀምጦ ብዙውን ድስት እንዲያጣፍጥ ይደረጋል። ይህን ችግር ያገኘ ሕዝብ ሁሉ ወደ ተቀራራቢ መፍትሔ ይደርሳል። ቋንጣ በእረኛና በወታደር አገር ሊታወቅ የሚችል ጥበብ ነው፤ የብራዚልን የደረቀ ሥጋ አይቶ መቅዳት አያስፈልገውም። ቦዘና ሽሮም የሚያረጋግጠው ከዚህ በላይ የተባለውን ነው፤ ሥጋው የሚገባው ጾሙ በወጣበት ቀን፣ መሠረቱም የተፈጨው የጾም ሽሮ ነው። በፌዡዋዳ ሥጋው መሠረት ነው፤ በቦዘና ግን ተጨማሪ ነው።

፰

ይህ ክርክር የስም ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ እዚህ ሊበቃ በቻለ። ነገር ግን ከበስተጀርባው የሚከብድ ነገር አለ፤ ይህንንም ጓያ ያሳየናል።

ጓያ ከአዘዞ በታች በደንቢያ ሜዳና በፎገራ፣ ዝናሙ ከወጣ በኋላ በመረሬው መሬት ውስጥ በቀረው እርጥበት የሚበቅል፣ ድርቅን የሚችል ጥራጥሬ ነው። ሌላው እህል ሲጠፋ እርሱ ይተርፋል። ነገር ግን ለብዙ ጊዜ ሌላ ሳይቀላቀልበት ከተበላ እግርን ያሽመደምዳል። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በ1990 ባሳተሙት ጥናት በሽታው በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ገጠር ምን ያህል የተስፋፋ መሆኑን አስረድተዋል። በአገሩ ሴቶች ዘንድ ጓያውን መዘፍዘፍ፣ ውሃውን መድፋት፣ ከሌላ እህል ጋራ መቀላቀል የታወቀ ነው፤ ሳይንስም መዘፍዘፉና መቀላቀሉ ጉዳቱን እንደሚቀንስ ይመሰክራል። በራብ ዘመን ግን የሚቀላቀል እህል፣ አንዳንድ ጊዜም የሚደፋ ውሃ፣ አይገኝም።

ይኸው ጓያ በስፓኝና በፖርቱጋልም የድሆች እህል ነበር። ስፓኛዊው ሠዓሊ ፍራንሲስኮ ጎያ በ1811 በማድሪድ በወደቀው ራብ ጊዜ ሕዝቡ በጓያ ገንፎ እንደ ተረፈ፣ በበሽታውም እንደ ተያዘ የሚያሳይ ሥዕል ቀርጿል። እንግዲህ በአዘዞና በኢቤርያ በእርግጥ የጋራ የሆነ አንድ ጥራጥሬ ከተፈለገ እነሆ ተገኘ። ሆኖም ጓያን ፖርቱጋሎች አመጡት ብሎ የሚከራከር አይሰማም። ማንም ሊኮራበት የማይሻ እህል ምንጭ ፈላጊ አያገኝም። በርበሬና ግንብ ግን ባለቤት ይሻማባቸዋል። ከዚህ የምንረዳው፣ የምንጭ ታሪክ የሚጻፈው ብዙ ጊዜ ከማስረጃ ሳይሆን ከክብር ፍላጎት መሆኑን ነው።

፱

የተባለው ሁሉ ሲጠቃለል እንዲህ ይሆናል። የአሜሪካ ተክሎች፣ በርበሬ፣ በቆሎና አደንጓሬ፣ በኢትዮጵያ ማዕድ ላይ ከፍ ያለ ለውጥ አምጥተዋል፤ ተክሎቹ በዓለም ላይ እንዲሰራጩም የፖርቱጋል መርከቦች ድርሻ ነበራቸው። ይህን መካድ የማይገባ ነው። ነገር ግን ተክልን በባሕር ማሻገር አንድ ነገር ነው፤ ወጥን መሥራት ሌላ ነገር ነው። በአዘዞ ላይ የሚነገረው አስተያየት ሁለቱን ያደባልቃል፤ መርከበኛውን አብሳይ ያደርገዋል። ዘመኑ፣ ቃሉ፣ ሥርዓቱና አበሳሰሉ አንድ በአንድ ሲመረመሩ፣ የአዘዞ ወጥ ከአዘዞ መሬት፣ ከአዘዞ ጾምና ከአዘዞ ሴቶች እጅ የወጣ ሆኖ ይገኛል።

ከዚህ ተነሥቶ የተገላቢጦሽ ወደሆነ ትምክሕት መሄድም አይገባም። ፖርቱጋሎች ምንም አላመጡም፤ ሁሉ ከጥንት የራሳችን ነው የሚል ጸሐፊ ቢነሣ፣ በርበሬው ራሱ ሐሰተኛ ያደርገዋል። በብራዚል የባሮቹ ወሬ ያማረ ነበር፤ ካማራ ካስኩዱ አፈረሰው፤ በፈረሰው ቦታ ላይ የተተካው የፖርቱጋል አባትነትም በተራው ሌሎችን ሰወረ። የምግብ ታሪክ ጸሐፊ የሚያስፈልገው አባት መፈለግ ሳይሆን ሥራን መከተል ነው፤ ፍሬው ከየት መጣ፣ ማን ዘራው፣ ማን ፈጨው፣ በየትኛው ቀን ተበላ፣ በየትኛው ቀን ተከለከለ ብሎ መጠየቅ ነው።

ይህንንም ለመጠየቅ ጊዜው እጅግ ሰፊ አይደለም። የወፍጮ መኪና ከመጣ ወዲህ የእጅ ወፍጮ እየቀረ ነው፤ የተፈጨ ሽሮ በከተማ በከረጢት ይሸጣል። የአከካኩን ደረጃ፣ የቅመሙን መጠን፣ ጓያ የሚዘፈዘፍበትን ልማድ፣ የየመንደሩን የጥራጥሬ ስም የሚያውቁት አሮጊቶች በሕይወት ሳሉ፣ ቃላቸው በአዘዞና በደንቢያ መንደሮች በጥንቃቄ ሊመዘገብ ይገባል። የኢየሱሳውያኑ መጻሕፍት ብዙ ጊዜ ታትመዋል፤ ብዙ ጊዜም ተተርጉመዋል። በዚያው ዘመንና ከዚያም ወዲህ በአዘዞ ድስት የጣዱት ሴቶች ግን አንድ ገጽ እንኳ አልተጻፈላቸውም። ስለ አዘዞ ወጥ የሚጻፍ እውነተኛ ታሪክ መጀመር ያለበት ከእነርሱ ነው።